እናት በስልክ፣ ጥናት በቴሌግራም፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ከጅማ ከተማ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ በቤተሰብ፣ በትምህርትና በጉርብትና ላይ ስላመጡት ለውጥ የሚጠይቁ ቢሆኑም የጠያቂዎቹ ሁኔታ ስለሚለያይ ለየብቻ መልሰናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ በርካታ ቤተሰቦችን የሚነካ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስም በፈቃዳቸው አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ለሥራ ወደ ጅዳ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ 12 ዓመቷ ሲሆን ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ በንግድ ሥራ ስለምተዳደር ልጆቹ ቀኑን የሚውሉት ከእናቴ ጋር ነው። ባለቤቴ የአሠሪዎቿ ቤት ሰው ሲተኛ ማታ በኢሞ ትደውላለች። ልጅቷ ‹ደኅና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ተምሬያለሁ› ብላ ስልኩን ለወንድሟ ታቀብላለች። ጥሪው እንደተዘጋ ግን መልሳ ትወስደውና ቲክቶክ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆያለች። ትንሹ ደግሞ የማንንም ስልክ ባየ ቁጥር ‹እማዬ› ይላል። ባለቤቴ ‹ልጆቼ ረሱኝ› እያለች ታለቅሳለች። እናቴ ስልክ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይውጣ ትላለች። እኔ ግን ስልኩን ካስወጣሁ እናታቸውንም አብሬ ማስወጣቴ ነው ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»
— አባት፣ ከኮቺ ሰፈር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የገለጹት ስጋት ትክክል ነው፤ መልሳችንም ከዚያው ይነሣል። በእርስዎ ቤት ያለው ስልክ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይገባል። አንደኛው ልጆቹን የወለደች፣ ድምፃቸውን ሰምታ የምትመልስ፣ ሲያስሉ የምትደነግጥ እናት ናት። ሌላው ልጅቷ ጣቷን ያሳረፈችበትን ቪዲዮ እየቆጠረ ያንን የሚመስል ሌላ የሚደቅንላት፣ ብትስቅም ብታዝንም ደንታ የሌለው መተግበሪያ ነው። እናትዎ ሁለተኛውን አይተው ሁለቱንም ማስወጣት ይፈልጋሉ፤ ባለቤትዎ ደግሞ ሁለተኛው የወሰደውን የልጅቷን ልብ እርሳቸውን ከመርሳት የመጣ አድርገው ተረዱት። የእርስዎ ሥራ ሁለቱን መለየት ነው።

በስልክ ወይም በማንኛውም መስኮት (ስክሪን) የሚመጣ ነገር ለልጅ ይበጅ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ልጁ ለሚናገረውና ለሚያደርገው ነገር ከወዲያ የሚመልስ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ይህን በጥናት የመረመሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት ለሚያድጉ የዘጠኝ ወር ሕፃናት ማንደሪን የተባለውን የቻይና ቋንቋ አሰምተው ነበር። አብሯቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው የሰሙት ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች ለይተው ማወቅ ሲጀምሩ፣ ያንኑ በቪዲዮና በድምፅ ቅጂ የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናትዎ የሚሉት ትክክል ነው እንል ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ሣራ ሮዝቤሪ፣ ካቲ ኸርሽ ፓሴክና ሮበርታ ጎሊንኮፍ ሁለት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ለአዳዲስ ቃላት በሦስት መንገድ አስተዋወቋቸው፤ ፊት ለፊት፣ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪና ቀድሞ በተቀረጸ ቪዲዮ። በጥሪው የተማሩት ልጆች ፊት ለፊት እንደተማሩት ሁሉ ቃላቱን ሲይዙ፣ የተቀረጸውን ያዩት አልያዙም። እንግዲህ የከለከላቸው መስኮቱ ሳይሆን መልስ የሚሰጥ ሰው አለመኖሩ ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ከስልክና ከቴሌቪዥን እንዲርቁ ሲመክር የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል።

ስለዚህ ትንሹ ልጅዎ ስልክ ባየ ቁጥር «እማዬ» ማለቱ እናቱን ለመርሳቱ ምልክት አይደለም። እናቱን የት እንደሚያገኛት ያውቃል፤ ይህንንም ለባለቤትዎ በእኛ ስም ጭምር እንዲነግሩልን እንለምናለን። የጎደለው እናቱ ከስልክ ውጪም ያለች ሰው መሆኗን የሚያይበት ነገር ነው። ፎቶግራፏን አሳትመው በዓይኑ ትክክል ግድግዳ ላይ ይስቀሉለት፤ አያቱም ልብሱን ሲያለብሱት «ይህን የገዛችልህ እማዬ ናት» ይበሉት። የሦስት ዓመት ልጅ ስልክ ተይዞለት ተቀምጦ ማውራት አይችልም፤ ሊጠበቅበትም አይገባም። ስልኩን እርሱ በሚጫወትበት ወይም እራቱን በሚበላበት ቦታ፣ በቁመቱ ልክ አስደግፉለትና እናቱ ከሥራው ጋር ትከተለው። ኳስ ሲያሳያት ስሙን ትንገረው፣ ሲያጎርሱት «አም» ትበል። አያቱ አጠገቡ ሆነው በመካከል ቢተረጉሙላቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ከጥሪው ውጪ ግን እንዲረጋጋ ተብሎ ስልክ በካርቱን አይሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ቁጭ ብለው የስልክም ሆነ የቴሌቪዥን መስኮት የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ አስታውቋል።

የልጅቷ ጉዳይ የተለየ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶች የተደረጉት በሕፃናት ላይ ስለሆነ እንዳለ ወስደን ለ12 ዓመት ልጅ አንለጥፋቸውም። እናቷ ስትሄድ አሥር ዓመቷ እንደነበረ ከደብዳቤዎ ተረድተናል፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ መለየትን ታውቃለች፣ ትቀየማለችም። በሦስት ቃል መልሳ ስልኩን ማቀበሏ ከመርሳት ይልቅ ወደ ኩርፊያ ያደላል ብለን እንገምታለን። ደግሞም «በላሽ? ተማርሽ? አያትሽን ታዘዝሽ?» ለሚሉ ጥያቄዎች ከዚያ የረዘመ መልስ የለም። ጥያቄዎቹ ከፍቅርና ከጭንቀት የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ልጅቷ በየማታው ፈተና የተቀመጠች ያህል እንዲሰማት ያደርጋሉ።

በፈረንጅ አራዳ አካባቢ የምናውቀው፣ እናቱ በውጭ አገር የምትሠራ አንድ ቤተሰብ ለዚህ ችግር ያገኘውን መላ ብናነሣልዎ ይረዳዎታል። በዚያ ቤት እሑድ እሑድ ስልኩ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ከስኳር ዕቃ ጋር ተደግፎ ከምድጃው ፊት ይቆማል። ልጅቷ ሽንኩርት ታቁላላለች። እናቷ «ገና ነው፣ አልበሰለም፣ ዘይት አታድርጊበት፤ እስቲ ማማሰያውን አሳይኝ» ትላለች። ልጅቷ ማማሰያውን ወደ ካሜራው ታቀርባለች፤ እናቷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታየውና «ትንሽ ውኃ፣ ጠብታ ብቻ» ትላለች። አንድ እሑድ እዚያው ምድጃ ፊት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ልጅቷ ከቅርብ ጓደኛዋ ጋር ተጣልታ ሳምንቱን ብቻዋን እንደተቀመጠች ለእናቷ ነገረቻት። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት እንደሚፈታ በየቤቱ ቡና የሚያፈላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የእርስዎም ባለቤት ከልጅቷ ጋር አብረው የሚሠሩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ምግብ ካልሆነ ንባብ ይሁን፤ ልጅቷ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብላቸውና የገባትን ታስረዳቸው። እናት ትምህርቱን ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ ያልገባቸውን መልሰው መጠየቃቸው ብቻ ልጅቷን ያስጠናታል። የጅዳና የጅማ ሰዓት አንድ በመሆኑ የሚያስቸግረው የሥራው ጠባይ እንጂ ሰዓቱ አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተነጋግረው በሳምንት አንድም ሆነ ሁለት ቀን አመሻሽ ላይ ቢያስፈቅዱ፣ በድካምና በእንቅልፍ መካከል በየሌሊቱ ከሚደረገው አጭር ጥሪ ይሻላል። በሌላው ቀን በድምፅ የተቀዳ መልእክት ይበቃል፤ ልጅቷም በነጋታው በድምፅ ትመልስ። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ መቀጠል፣ ተቆራርጦ ከሚቀር ፊት ይልቅ ልብ ያሳርፋል።

ስለ ቲክቶክ የምንለው በመጀመሪያ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለው ምን እንደምታይ እንድታሳይዎ ነው። ሳይቆጡ ይመልከቱ፤ ሹሩባ አሠራር ወይም ጭፈራ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስከፋ ነገር ካለም የሚያውቁት እንዲህ ነው። ልጅቷ ማቆም ያቃታት ጠባይዋ ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ድረ ገጾች መጨረሻ ነበራቸው፤ አንባቢው «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረበት፣ በዚያች ቅጽበትም ይበቃኛል ለማለት ዕድል ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ አዛ ራስኪን የተባለው ባለሙያ የሠራውን ዓይነት ማለቂያ የሌለው ገጽ ኩባንያዎቹ ሁሉ ሲወስዱት ያ ዕድል ጠፋ፤ ራሱም በኋላ በይፋ ተጸጽቶበታል። ቡና እንኳ አቦልና ቶና ብሎ በረካ ላይ ያበቃል፤ ይህ ግን በረካ የለውም፣ ስለዚህ ማብቂያውን ቤተሰቡ ማበጀት አለበት።

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም። ልጅዎ መለያ (አካውንት) የከፈተችው የልደት ዘመኗን ለውጣ መሆኑ አይቀርም፤ ይህም ከሚመስለው የከፋ ጉዳት አለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ ያበጃል፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑትም የግል መልእክት መለዋወጫውን ይዘጋል። በመዝገቡ ላይ ዐዋቂ የሆነች ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ጥበቃ ውጪ ናት፤ የማታውቀው ሰው ሊጽፍላት ይችላል። ስለዚህ መለያውን አብረው ይዝጉት፤ 13 ዓመት ሲሞላት በትክክለኛ ዕድሜዋ ከፍታ ከእርስዎ መለያ ጋር ቲክቶክ ባለው የቤተሰብ ማጣመሪያ (Family Pairing) ይገናኝ። እስከዚያ አያቷ ባሉበት፣ በቀን ብርሃን፣ በእርስዎ ስልክ ጥቂት ብታይ ጉዳት የለውም።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስብዎታለን። ስልኩ ከልጅቷ የሚወሰደው የእናቷ ጥሪ ባበቃ ቅጽበት ከሆነ የእናቷ ድምፅ የጠብ መነሻ ይሆንባታል። የስልኩ መኝታ ሰዓት ከጥሪው ጋር ሳይያያዝ ለብቻው ይወሰን፤ የእርስዎም ስልክ በዚያው ሰዓት ከዚያው ቦታ ይቀመጥ። አባት ስልክ እያየ ልጅን መከልከል በእውነቱ አያስኬድም።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ያልገባንን የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ፎቶ አንሥተን እንለጥፋለን፤ ከጎበዞቹ ወይም ከቻትጂፒቲ የመጣ መልስ ከነአሠራሩ በደቂቃ ውስጥ ይደርሰናል። ሳየው ይገባኛል። የክፍል ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ያንኑ ጥያቄ መሥራት ያቅተኛል። ስልኬ ረዳኝ ወይስ ጎዳኝ?»
— ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ግሩፑን ተዪው አንልሽም። መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ቦታ መማሪያውን በፒዲኤፍ ማግኘትና የሚያስረዳ ጓደኛ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መልሱ ከሙከራሽ በፊት መድረሱ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ገሚሶቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው ብቻ እንዲጽፉት አደረጉ። ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ከአእምሯቸው የጻፉት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። የሚገርመው ደግሞ በደንብ እናስታውሳለን ብለው ቀድመው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። «ሳየው ይገባኛል» ያልሽው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን ከመለጠፍሽ በፊት በወረቀት ሞክሪው፤ ስትለጥፊም ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን የደረስሽበትን ለጥፊና «ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በይ። መልሱ ሲመጣ አንብቢው፣ ስልኩን ዝጊና በባዶ ወረቀት እንደገና ሥሪው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሳታዪ ድገሚው። ሌላ ተማሪ ሲጠይቅ ደግሞ አንቺ አስረጂ። ስትሠሪ ስልኩ አጠገብሽ አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት አድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ እንኳ ጠረጴዛቸው ላይ ከነበረው ይልቅ ሌላ ክፍል ያስቀመጡት ሰዎች ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ እንደተሻሉ አይተዋል፤ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት ባያገኙም መሞከሩ ኪሳራ የለውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ አንድ ተማሪ አንዴ ሐሳቡ ከተበተነ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጠቅሷል። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ስልኩን ለእናትሽ ስጪያቸው፤ ወይም ትተሽው ወደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሂጂ።

አገር አቀፉ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት መጀመሩንና ስልክ ይዞ መግባት መከልከሉን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ እዚያ የምትገቢው በእጅሽ የለመድሽውን ብቻ ይዘሽ ነው። «ፈተናው እጃችን ገብቷል» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ቻናሎችን ግን እንዳታምኚ። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭተው የተጀመረው ፈተና በመሰረዙ ያጠናውም ያላጠናውም አብሮ ተጉላልቷል።

ጥያቄ፦ «የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፕ ካቋቋምን ወዲህ የሞት ዜና ሲለጠፍ ሁሉም ‹ነፍስ ይማር›፣ ‹አላህ ይርሐመው› ብሎ ይጽፋል፤ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው ግን እያነሰ ሄደ። ግሩፑን ልዝጋው?»
— የዕድር ጸሐፊ፣ ከጅሬን

መልስ፦ አይዝጉት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚቀባበርበት ዕድር የዜናው ፍጥነት ዋጋ አለው፤ በተለይ ጀናዛ ሳይውል ሳያድር ስለሚቀበር ጡሩምባው እስኪደርሰው ያመለጠው ሰው ብዙ ነበር። ሰው ከለቅሶ የቀረው ዜና ስላልደረሰው አይደለም፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲጽፍ የደረሰ ስለሚመስለው ነው። ሐዘንተኛው ግን በዚያ ሰዓት ስልኩን አያነብም። የሚያየው ከጎኑ የተቀመጠውን፣ እዝን ይዞ የመጣውን፣ ድንኳኑን የተከለውንና አግዳሚውን የተሸከመውን ነው።

ቴሌግራም መልእክት መላክን ለአስተዳዳሪዎች ብቻ የሚፈቅድ ማስተካከያ አለው። እርሱን ይጠቀሙና ግሩፑ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ይሁን፦ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ድንኳን ተካዩና ተረኛው ማን እንደሆነ። የማጽናኛ መልእክት መጻፊያ ቦታ ከሌለ አባሉ ወይ ይመጣል ወይ ይደውላል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ላሉት፣ መምጣት ስለማይችሉ፣ ሌላ ግሩፕ ቢከፈትላቸውና የጻፉትን አንድ ሰው በሣልስቱ ለቤተሰቡ ቢያነብላቸው መልካም ነው። ጡሩምባ ነፊውንም አያሰናብቱ፤ በዕድራችሁ ውስጥ ስልካቸው ቴሌግራም የማይከፍት አረጋውያን አሉና፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው ድንኳን የሚደርሱትም እነርሱ ናቸው።